በወሎ መንገድ ላይ የተማረ አመራር

ከደሴ ወደ ሰሜን የሚወጣ መኪና ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ መርሳ ይደርሳል። ከመርሳ በኋላ ስሪንቃ፣ ከስሪንቃ በኋላ ወልድያ ይመጣል፤ ከዚያም ጎብዬ፣ ሮቢት፣ ቆቦና አላማጣ፣ በመጨረሻም የኮረም ዳገት። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ያበጁት ይህ አውራ ጎዳና የሐብሩን ፍራፍሬና የራያን ማሽላ ሲያመላልስ ኖሯል። ጦርና ረኃብም የተመላለሱት በዚሁ መስመር ነው። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ባለው አንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ፣ በጣሊያን ወረራ፣ በ1965 እና 66፣ በ1977፣ እንደገናም በ2013 እና 14 ዓ.ም.፣ የመንገዱ ዳርና ዳር በቁስለኛና በሕመምተኛ ተሞልቷል።

በአራቱም ጊዜ የታማሚው ቁጥር ከአልጋውም፣ ከመድኃኒቱም፣ ከሐኪሙም በላይ ነበር። ማን ቀድሞ ይታይ? ተላላፊ በሽታ የያዘው የት ይተኛ? የቀረችው ጥቂት ወተት ለየትኛው ሕፃን ትድረስ? ውኃው የት ይፈላ፣ ሽንት ቤቱ የት ይቆፈር፣ የሌሊቱን ተራ ማን ይያዝ? ይህን ሁሉ በየሰዓቱ የሚወስን ሰው ያስፈልግ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የወሰነችውም ነርስ ናት። ዛሬ ይህ ሥራ በታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስና በዶክትሬት ደረጃ ይሰጣል። የነርሶች አመራር በዓለም አቀፍ ጤና በሚባለው በዚህ መስክ ተማሪዎቹ ስለ ሰው ኃይል ድልድል፣ ስለ በጀት፣ ስለ አደጋ ዝግጁነትና ስለ ጤና ፖሊሲ ያጠናሉ። በኢትዮጵያ ግን ሥራው ከትምህርቱ በብዙ ዓመት ቀድሟል። ነርሷ ኃላፊነቱን አስቀድማ ተሸከመች፤ ሥልጣኑና ዲግሪው ዘግይተው መጡ፤ እንደ መርሳ ላሉ ከተሞችማ ገና በመንገድ ላይ ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. ኅዳር ደሴ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈር ነበረች። በወሩ በ26ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ያስተዳድረው የነበረው ሆስፒታልም የቀይ መስቀል ምልክቱ አላዳነውም። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከተቋቋመ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ነበሩ፤ የተመሠረተው ወረራው እንደማይቀር ከታወቀ በኋላ በ1927 ክረምት ነው። በእንግሊዛዊው ዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የብሪታንያ አምቡላንስ ቡድን ደሴንና ወልድያን አልፎ ወደ ሰሜን ግንባር ወጣ፤ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በኮረም አካባቢ ድንኳኖቹ ከአየር ተደበደቡ። በእነዚህ ቡድኖች ውስጥ ቁስል ያጥቡ፣ ፋሻ ይጠቀልሉ፣ ቃሬዛ ይሸከሙ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች የሚያውቁትን ሁሉ የተማሩት እዚያው ሥራው ላይ ሳሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምኒልክ ሆስፒታል ከተከፈተ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቢያልፈውም፣ ኢትዮጵያውያንን በነርስነት አሠልጥኖ የሚያስመርቅ ትምህርት ቤት በአገሩ አልነበረም።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወደ ስደት ሲሄዱ ልጃቸው ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። እንግሊዝ አገር እንደገቡ ብዙም ሳይቆዩ በለንደኑ የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማር ጀመሩ። የንጉሥ ልጅ የሕፃን ገላ ልታጥብ፣ ወለል ልታጸዳ፣ ሌሊት ተረኛ ልትሆን መግባቷ በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ መኳንንት ዘንድ ያልተለመደ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስነት ፈቃዳቸውን አገኙ፤ ቀጥለውም ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች በምትደበደብበት ጊዜ በጋይስ ሆስፒታል ተጨማሪ ትምህርት ቀሰሙ።

ነፃነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ ልዕልቷ የሠሩት በደሴ ሆስፒታል ነው። ጦርነቱ ገና ባለፈበት ከተማ፣ በለንደን የተማሩትን ሥርዓት ይዘው ወደ ወሎ ሕሙማን ሄዱ። በአገሪቱ የነርሶች አገልግሎት የማደራጀት ሐሳብም ነበራቸው። ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. የጦር መኰንኑን አብይ አበበን አግብተው ወደ ነቀምት ሄዱ፤ ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። በሙያው ፈቃድ ያላቸው፣ የአገሪቱን ሕፃናትና እናቶች ጤና ሊመሩ ያሰቡ ሴት፣ ያኔ ብዙ ኢትዮጵያውያን እናቶችን ይገድል በነበረው በዚያው ምክንያት መሞታቸው ዛሬም ልብ ይሰብራል።

በስማቸው የተሠራው መታሰቢያ ግን ሐውልት አይደለም። የኢትዮጵያ የቅርብ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት በብሪታንያ ገንዘብ አሰባስበው የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ፤ የነርሶች ማሠልጠኛም ተቋቋመበት። ዛሬ አዲስ አበባዎች የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቤተ ሳይዳ ተብሎ ተከፍቶ በኋላ በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተጠራው ሆስፒታል ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ሆስፒታሉ የዛሬው የካቲት 12 ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች እ.ኤ.አ. በ1953 ወጡ። በዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልና በነቀምትም ተመሳሳይ ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። የሴት ልጅ ትምህርት ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን ወደነዚህ ትምህርት ቤቶች የገቡት ወጣቶች የነጣ ቀሚስና ቆብ ለብሰው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መጽሐፍ እያጠኑ፣ በውጭ አገር አሠልጣኞች ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ተማሩ። ሲወጡ ሕዝቡ ሲስተር ብሎ ጠራቸው፤ ይህ ማዕረግ ዛሬም ከስማቸው በፊት ይቀድማል፤ በየሰፈሩ ልጅ የታመመባት እናት በሌሊት በር የምታንኳኳው የሲስተርን ቤት ነው።

የነዚህ ትምህርት ቤቶች ሥርዓት መሠረቱ ሩቅ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደኑ ሴንት ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤቷን ስትከፍት አንድ ብርቱ ሐሳብ ይዛ ነበር፤ ነርሶችን የምትመራው፣ የምትቀጣው፣ የምታሳድገውም ከሙያው የወጣች ሜትሮን ትሁን አለች። ሐኪሙ ስለ ሕክምናው ያዛል፤ ዋርዱን የምታስተዳድረው ግን ሜትሮን ናት። አሜሪካኖች ደግሞ ይህን ወደ ዩኒቨርሲቲ ወሰዱት። በኒውዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1899 ለነርስ ኃላፊዎች ስለ ሆስፒታል አስተዳደር የሚያስተምር ኮርስ ተከፈተ፤ እ.ኤ.አ. በ1907 አደሌድ ነቲንግ በዚያው በነርሲንግ የመጀመሪያዋ ፕሮፌሰር ሆነች። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባው የቀይ መስቀል ትምህርት ቤት እስኪከፈት ድረስ 42 ዓመት አለፈ።

ስለዚህ ኢትዮጵያ የሜትሮንን ሥርዓት ወሰደች እንጂ ሜትሮኗን ለአመራር የሚያዘጋጀውን ከፍተኛ ትምህርት አብራ አልወሰደችም። ጥሩ ነርስ በአገልግሎት ዘመኗ የዋርድ ኃላፊ ሆነች፤ ጥሩ የዋርድ ኃላፊ ደግሞ ሜትሮን ሆነች። የበጀት ሰነድ ማንበብ፣ የሠራተኛ ዕቅድ ማውጣት፣ ከአስተዳዳሪው ጋር መከራከር በክፍል ውስጥ አልተሰጣትም። ያወቀችው ከቀደመችዋ ሜትሮን እያየች ነው። በዚህ መንገድ ወጥተው ሆስፒታል ያቆሙ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ክብር ይገባቸዋል። ሥርዓቱ ግን ዕድለኛ መሆንን ይጠይቅ ነበር፤ መልካም ሜትሮን ያልገጠማት ነርስ ከማን ትማር?

ሌላው የነርስ አመራር ምንጭ ጎንደር ነው። በ1945 ዓ.ም. አካባቢ በደምብያ የተነሣው ወባ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅንና ማሠልጠኛን ከፈተ። ሐሳቡ ለዘመኑ ድፍረት ያለበት ነበር። ሐኪም ለማፍራት ረጅም ዓመት ይፈጃል፤ ወረርሽኙ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ አንድ ላይ ተማሩ፤ ቆላ ዱባን በመሳሰሉ የገጠር ጣቢያዎች አንድ ላይ ተለማመዱ፤ ሲመረቁም በቡድን ወደ የጠቅላይ ግዛቱ ጤና ጣቢያዎች ተላኩ።

በዚህ ቡድን ውስጥ የነበረችው ነርስ ከአዲስ አበባዋ የተለየች ናት። የሆስፒታሏ ነርስ ሐኪሙ በአጠገቧ አለ። የጎንደሯ ግን በቅሎ ላይ ተቀምጣ ወይም በእግሯ እየሄደች የወላድ ቤት ትገባለች፤ ከባልቴት አዋላጆች ጋር ትነጋገራለች፤ ሕፃናት ትመዝናለች፤ ከጭቃ ሹሙና ከቄሱ ጋር ስለ ምንጭ ውኃ ትከራከራለች። ማንም መሪ ብሎ ባይሾማትም ከዚህ የበለጠ አመራር አልነበረም። ከሥሯም በየክሊኒኩ ድሬሰሮች ነበሩ። ድሬሰር በጥቂት ወራት ሥልጠና መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ የተማረ ሰው ነው፤ በብዙ የወሎ ወረዳዎች ገበሬው ሐኪም ብሎ የሚያውቀው እሱን ብቻ ነበር። ድሬሰሩን መቆጣጠር፣ ማረም፣ መድኃኒቱን መቁጠር የነርሷና የጤና መኰንኑ ፈንታ ነበር።

የአዋላጅነት ትምህርት ታሪክ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ጥረት ምን ያህል ተሰባሪ እንደነበር ያሳያል። አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ አዲስ አበባ የመጡት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነው። ትምህርት ቤቱ ጥቂት አዋላጆችን ካስመረቀ በኋላ ተዘጋ። ባልና ሚስቱ በወሊድ ምጥ የተጎዱ የፊስቱላ ሕሙማንን ሲያዩ ሕይወታቸውን ለእነሱ ሰጡ፤ የፊስቱላ ሆስፒታሉም በዓለም ታወቀ። የሃምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ የተከፈተው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። በሁለቱ መካከል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አለ። በዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ከሐብሩ ቆላም ከላስታ ደጋም ሠልጣኝ አዋላጅ በማጣት የተጎዱ ሴቶች ጉዳታቸውን ተሸክመው ኖረዋል።

ከዚያ የ1965 እና 66ቱ ረኃብ መጣ። ከየቀበሌው የተፈናቀለው ሕዝብ እህልና መኪና ወደሚታይበት ወደ አውራ ጎዳናው ወረደ። ከደሴ እስከ ኮረም ባሉ ከተሞች ሰው በመንገድ ዳር ወደቀ፤ መጠለያዎች ተከፈቱ። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ያሳየው ፊልም ዓለምን ያስደነገጠው በዚህ ነው። በመጠለያዎቹ ውስጥ የነበሩ የጤና ሠራተኞች አንድ መራራ ነገር ተማሩ። የተራበን ሕዝብ አንድ ቦታ ሲሰበስቡት ረኃብ ያዳከመውን ሰውነት ኩፍኝ፣ ተቅማጥና ታይፈስ ይጨርሱታል። እህል ብቻ ማምጣት አይበቃም፤ ክትባት፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ አብረው መምጣት አለባቸው። ዛሬ በአደጋ ጊዜ የጤና አመራር ትምህርት ውስጥ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሆነው ይህ ዕውቀት ከተገኘባቸው ቦታዎች አንዱ የወሎ መንገድ ነው።

በ1977 ዓ.ም. ያው ታሪክ በከፋ መልኩ ተመለሰ። ጋዜጠኛው ማይክል በርክና የካሜራ ባለሙያው ሞሐመድ አሚን ከኮረምና ከመቀሌ ያነሡት ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ታየ። በዚያ ዘገባ ዓለም ካያቸው ሰዎች አንዷ በመቀሌ የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የምግብ ማዕከል ትሠራ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ነርስ ክሌር በርቺንገር ናት። በየቀኑ ከሺህ በላይ ሕፃናት ይሰለፋሉ፤ ማዕከሉ ሊቀበል የሚችለው ጥቂት አሥሮችን ብቻ ነው። በሰልፉ መካከል እየሄደች የምትመርጠው እሷ ናት፤ ያልተመረጠው ምን እንደሚገጥመው ታውቃለች። ይህ ሸክም ለብዙ ዓመታት ከልቧ እንዳልወጣ ራሷ በአደባባይ ተናግራለች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ግን ለዚህ ታሪክ ከሁሉ ይበልጣል። በርቺንገር ወደ ለንደን የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ገብታ ነርሶች ከምረቃ በኋላ የሚወስዱትን የትሮፒካል ነርሲንግ ዲፕሎማ መርታለች። ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ነርሶች ወደ ጦርነትና ወረርሽኝ ቦታ ከመሄዳቸው በፊት እዚያ ይማራሉ። በሰሜን ኢትዮጵያ የተራቡ ሕፃናት ሰልፍ ፊት የተወሰደ ትምህርት ለዓለም ነርሶች ሥርዓተ ትምህርት ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዘመን በኮረም፣ በቆቦ፣ በወልድያና በየመጠለያው ሌት ተቀን የሠሩ ኢትዮጵያውያን ነርሶችና የጤና ረዳቶችም ያንኑ ውሳኔ በየቀኑ ወስነዋል። የእነሱ ልምድ ግን በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ አልገባም፤ ስማቸው እንኳ በወጉ አልተመዘገበም። ይህ የአገሪቱ የነርሲንግ ትምህርት ትልቁ ዕዳ ነው። አብዛኞቹ ዛሬ አርጅተዋል ወይም አልፈዋል፤ የቀሩትን ቁጭ ብሎ መጠየቅና ቃላቸውን መጻፍ የወልድያ ወይም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪዎች ሊሠሩት የሚችሉት፣ ጊዜ የማይሰጥ ጥናት ነው።

ከሆስፒታል ግቢ ውጭ አመራርን ያሳዩ ነርሶችም አሉ። ሲስተር ጀምበር ተፈራ በእንግሊዝ አገር ተምረው የመጡ ነርስ ናቸው። በደርግ ዘመን ለዓመታት ታሰሩ። ከእስር ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአዲስ አበባ ድሆች ሰፈሮች የጀመሩት ፕሮጀክት የነርስ አስተሳሰብ ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ አሳየ። ልጁ ደጋግሞ የሚታመመው ቤቱ ስለሚያፈስ፣ ሽንት ቤት ስለሌለ፣ እናቱም ገቢ ስለሌላት ነው ብለው ቤት ጠገኑ፣ መጸዳጃ ሠሩ፣ መንገድ አስነጠፉ፣ ክሊኒክ ከፈቱ፤ ነዋሪዎቹንም አደራጅተው ውሳኔው በእነሱ እጅ እንዲሆን አደረጉ። ሲስተር ዘቢደር ዘውዴ የመሠረቱት ሜሪ ጆይ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ሕፃናትንና አረጋውያንን ሲደግፍ ኖሯል። እነዚህ ሴቶች በአመራር ማስተርስ ዲግሪ የጀመሩ አይደሉም። ከታማሚው አልጋ ተነሥተው የበሽታውን ሥር እየተከተሉ ወደ ቀበሌው ወጡ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የነርሷ ኃላፊነት በመንግሥት መዋቅር ውስጥም በድንገት ሰፋ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞችን አስቀመጠ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ሆኑ። አንድ ጤና ጣቢያ አምስት ጤና ኬላዎችን ይዞ 25 ሺህ ለሚሆን ሕዝብ እንዲያገለግል ታሰበ። በሐብሩ ወረዳ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ የተመደበች ወጣት ነርስ፣ የቆላውን ወባና የደጋውን ሳንባ ምች ከማከም ሌላ፣ በየኬላው ያሉትን ኤክስቴንሽኖች መደገፍ፣ ሪፖርታቸውን ማየት፣ ክትባት ሳይቋረጥ መድረሱን ማረጋገጥ የእሷ ሥራ ሆነ። ከኮሌጅ የወጣችው መርፌ መውጋትና ታማሚ መንከባከብ ተምራ ነው። ሰው ማስተዳደርን፣ ቁጥር ማንበብን፣ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ስለ በጀት መነጋገርን ማን አስተማራት?

ለሆስፒታሎቹ አንድ መልስ ተሞክሯል። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የሆስፒታል አመራር ማሻሻያ ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ተከፈተ። የዚህ ትምህርት ብልሃቱ አደረጃጀቱ ነው። ተማሪዎቹ በሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ኃላፊዎች ነበሩ። ለተወሰነ ጊዜ ጅማ ገብተው ይማራሉ፤ ከዚያ ወደየሆስፒታላቸው ተመልሰው የተማሩትን በራሳቸው ካርድ ክፍል፣ በራሳቸው ፋርማሲ፣ በራሳቸው ዋርድ ይሠሩበታል። የቤት ሥራቸው የታማሚው ወረፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያም የነርሲንግ አገልግሎትን ራሱን ችሎ የሚቆም ዘርፍ አድርጎ መስፈርት አወጣለት።

የነርሲንግ ማስተርስም ተከተለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአዋቂዎች፣ በሕፃናትና በእናቶች ጤና፣ በኋላም በድንገተኛና በጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ ማስተማር ጀመረ፤ ጎንደርና ባሕር ዳርም ገቡበት። በአገሪቱ የመጀመሪያው የነርሲንግ ዶክትሬት ፕሮግራም ከአሜሪካው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በለንደን ወለል እያጸዱ ከተማሩት ልዕልት እስከዚህ ድረስ ከሰባ ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ እርምጃው ትልቅ ነው። ሆኖም አብዛኛው የማስተርስ ትምህርት ያተኮረው በሕክምና ክህሎት ላይ ነው። አመራር በአንድ ኮርስ ይታለፋል፤ የተመረቁትም ብዙዎቹ ወደ ማስተማር ይሄዳሉ። ዋርዱ ምርጥ ነርሱን ለትምህርት ይልካል፤ ከትምህርት በኋላ ግን አያገኘውም። መምህር ማፍራት ተገቢ ነው፤ የወረዳ ሆስፒታሉ ግን ባዶ እጁን መቅረት የለበትም።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቴዎድሮስ አድሓኖም የዓለም ጤና ድርጅትን በመሩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ የኩክ ደሴቶች ተወላጅ የሆኑትን ኤልዛቤት አይሮን የድርጅቱ ዋና የነርሲንግ ኃላፊ አድርገው ሾሙ። ናይቲንጌል የተወለደችበት ሁለት መቶኛ ዓመት በሆነው እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የድርጅቱ ሪፖርት በዓለም 27.9 ሚሊዮን ነርሶች እንዳሉና 5.9 ሚሊዮን እንደሚጎድሉ ገለጸ። ከነርሶች አሥሩ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው፤ በጤናው ዘርፍ የአመራር ወንበር ላይ ግን ሴቶች ጥቂት ናቸው። ሪፖርቱ መንግሥታት በሚኒስቴር ደረጃ የነርስ ኃላፊ እንዲሾሙ፣ ለወጣት ነርሶችም የአመራር ትምህርት እንዲከፍቱ መክሯል። በዚያው ዓመት መጋቢት ኮቪድ ኢትዮጵያ ገባ።

ከኮቪድ ጋር ገና ትግል ላይ ሳሉ የወሎ ነርሶች አራተኛው መከራ ደረሰባቸው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያ፣ መርሳና አካባቢያቸው በሰሜኑ ጦርነት ተያዙ። የወልድያ ሆስፒታል ተዘረፈ፤ መሣሪያው ተወሰደ፣ ተሰባበረ። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ የኤችአይቪና የቲቢ መድኃኒት በየወሩ የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒታቸው ተቋረጠ። ነፍሰ ጡሮች መሄጃ አጡ። ጦርነቱ ሲርቅ ተመልሶ አገልግሎት ማስጀመር ማለት ወለሉን ከማጽዳት፣ የቀረውን አልጋ ከመቁጠር፣ የጠፋውን የታማሚ ካርድ ከመፈለግ፣ መድኃኒቱ የተቋረጠበትን ሰው በስም እየጠሩ ከማፈላለግ ይጀምራል። ያን ሥራ ተራ በተራ የሚያደራጁት ሜትሮኗና የዋርድ ኃላፊዋ ናቸው። ከዚያ በፊት በ1928፣ በ66 እና በ77 በዚሁ መንገድ ላይ የተወሰዱት ትምህርቶች በጽሑፍ ተሰብስበው በእጃቸው ቢኖሩ ኖሮ ሥራቸው ይቀልላቸው ነበር።

ወልድያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ የግብርናው ግቢ መርሳ ላይ ነው፤ የጤና ተማሪዎቹም አሉት። መርሳም ሆስፒታል አላት። ከጅማው ሙከራ የሚወሰደው ነገር እዚህ ላይ ነው። የመርሳን ወይም የቆቦን ሜትሮን ለሁለት ዓመት ከሥራዋ ነቅሎ አዲስ አበባ መላክ ዋርዱን ያዳክማል፤ እሷም ላትመለስ ትችላለች። በየጥቂት ወሩ ለሁለት ሳምንት ወልድያ ገብታ የሰው ኃይልን፣ በጀትን፣ የመረጃ አያያዝንና የአደጋ ዝግጁነትን ብትማር፣ ቀሪውን ጊዜ ደግሞ በራሷ ሆስፒታል ብትለማመድ፣ የማሟያ ጽሑፏንም ስለ ራሷ ወረዳ ብትጽፍ፣ መምህሯ ሊፈትናት የሚመጣው መርሳ ድረስ ይሆናል። ለመጀመሪያው ዙር ጥናት የሚሆነው ርዕስም ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል፤ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ የተዘረፈ ሆስፒታል የመጀመሪያዋን ወላድ ለመቀበል ስንት ቀን ፈጀበት፣ ምን ቀድሞ ተጠገነ፣ የትኛው ውሳኔ ሰው አዳነ፣ የትኛውስ ዘገየ። ምስክሮቹ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው።